የጥይት ክፍሎችን መቀየር ዒላማ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒሶታ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ አጋዘን ያድናል፤ ጥይቱንም ራሱ ይሞላል። እኔ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለ እሱ ባወራሁ ቁጥር ከዚራ ሰፈር የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

ጥይት ከምን ከምን ነው የሚሠራው?

ከአራት ነገር። ቀለህ፣ ፕራይመር፣ ባሩድ እና አረር። ቀለህ ሁሉንም የሚይዘው የናስ ዕቃ ነው፤ ናሱ 70 ከመቶ መዳብ፣ 30 ከመቶ ዚንክ ነው። ፕራይመር ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገባው ትንሽ ቆብ ናት። ቃታ ሲሳብ እሷ ትመታና እሳት ትተፋለች። እሳቱ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ጋዙ አረሩን ገፍቶ ያወጣዋል። ዒላማውን የሚመታው አረሩ ብቻ ነው፤ ቀለሁ እዚያው ይቀራል።

ብዙ ሰው አረሩን ብቻ "ጥይት" ይለዋል። እዚህ ግን ጥይት ስል አራቱን አንድ ላይ ነው።

በእጅ መሙላት ለምን አስፈለገ? ከሱቅ መግዛት አይቀልም?

በጣም ይቀላል። ግን ሐረር ማኪና ግርግር ሄዳችሁ ልብስ ያሰፋችሁ ታውቁታላችሁ። ተሰፍቶ የተሰቀለው ልብስ ለሁሉም ሰው ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንም ልክ አይሆንም። የፋብሪካ ጥይትም በዚያው ልክ ላሉ ጠመንጃዎች ሁሉ እንዲጎርስ ተብሎ የተሠራ ነው። በእጅ የሚሞላ ሰው ለአንዲት ጠመንጃ ብቻ ነው የሚሰፋው። ቀለሁ ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል፤ ለሱ ትልቁ ወጪ ተቆጠበ ማለት ነው።

አንድ ኅዳር ላይ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ አለው። ባሩዱን የሚመዝነው በግሬይን ነው፤ አንድ ግሬይን 0.065 ግራም ገደማ ነች። ሚዛኑ ትንሽ አለፍ ሲልበት ወረንጦ አንስቶ አንዲት የባሩድ ቅንጣት ለቅሞ አወጣ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። "ጋሼ፣ አትሳቅ" አለኝ። ለምን መሳቄ ልክ እንደነበር ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

እዚህ ድሬ ወይም ሐረር መሥራት ይቻላል?

አይቻልም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝም፣ መሥራትም፣ መነገድም ወንጀል ነው። ይሄ ጽሑፍ ለማወቅ ነው፤ የባሩድ ልክም የማልጽፈው ለዚህ ነው።

አንድ የሰፈር ጎረምሳ የክላሽ ቀለህ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ "ይሞላል ወይ?" ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። አቦ ተው፣ ወስደህ ለፖሊስ አስረክብ አልኩት። ደግሞም አብዛኛው የክላሽ ቀለህ ናስ አይደለም፣ ብረት ነው። ቂጡ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው፤ ይሄ አሠራር በርዳን ይባላል። የሚሞላው ዓይነት ቦክሰር ይባላል፤ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው። በርዳን አሜሪካዊ ነበር፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ። አሜሪካኖቹ ግን የሚወዱት የእንግሊዙን ነው፤ የአሜሪካዊው ሥራ አውሮፓ ቀረ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም።

"ጥይቱ ልክ ነው" ሲባል መሃል መታ ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው የቀረውን ባያነብ ይሻለዋል። አምስት ጊዜ ተኩሰህ አምስቱም ቀዳዳ ከመሃል በስተግራ አንድ ላይ ቢሰበሰቡ ጥይትህ ጥሩ ነው። ማነጣጠሪያውን ትንሽ ታዞራለህ፣ አለቀ። አምስቱ በመሃሉ ዙሪያ እንደ ተበተነ በቆሎ ከተዘሩ ግን ማነጣጠሪያ አያድንህም። የሚለካው በጣም የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። በ100 ሜትር ላይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰበስብ የአደን ጠመንጃ ያለው ሰው ደስ ብሎት ያድራል።

ከአራቱ አንዱን ስትቀይር ታዲያ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ስብስቡ ይጠባል ወይ ይሰፋል፤ ወይም ስብስቡ እንዳለ ሆኖ ቦታውን ይለቃል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን አይቶ "ይሄ ጥይት አይረባም" ይላል። ጥይቱ ምንም አላደረገም። ቦታ ነው የቀየረው።

ከአራቱ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የትኛው ነው?

አረሩ። ሌሎቹ ሁሉ ሥራቸው እሱን መግፋት ነው፤ አየር ላይ የሚጓዘው እሱ ብቻ ነው። ክብደቱ፣ ርዝመቱ፣ የአፍንጫው ቅርፅ፣ ከሁሉም በላይ ሚዛኑ። ውስጡ ያለው እርሳስ በአንድ ጎን ትንሽ ከከበደ፣ ሲሽከረከር እንዳልተስተካከለ ጎማ ይርገበገባል። ጥሩ አረር ውድ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጠመንጃው ራሱ ይመርጣል። የጠመንጃ ቧንቧ ውስጥ ጠምዛዛ ቦይ አለ፤ አረሩን የሚያሽከረክረው እሱ ነው። ረጅም አረር ቀጥ ብሎ ለመሄድ ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። የአሜሪካኖቹን ኤም 16 ውሰዱ። የቬትናም ዘመኑ ቧንቧ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር ነበር የሚያዞረው፤ ለ55 ግሬይን አረር በቂ ነው። በኋላ ረዘም ያለ ባለ 62 ግሬይን አረር ሲመጣ ያ ቧንቧ አልያዘውም። አረሩ አየር ላይ ይገለበጣል፣ ወረቀቱንም በጎኑ ይመታዋል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። ኤም 16 ኤ 2 ሲሠራ ቧንቧው በየ18 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ አንድ ዙር እንዲያዞር ተደረገ። ልዩነቱ 7 ግሬይን ነው፤ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም።

ባሩድ ብቀይርስ?

እዚህ ላይ ከዒላማው በፊት ጣትህን አስብ። ባሩድና ባሩድ አንድ አይደለም። አንዱ ቶሎ ይነዳል፣ አንዱ ቀስ ብሎ። በአንዱ መጠን ሌላውን ሞላሁ ያለ ሰው ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ባሩድ የቀየረ ሰው ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ለዚያ ባሩድ የታተመውን መመሪያ ከፍቶ ከዝቅተኛው መነሻ።

እኛ አገር ይህን ለውጥ አያቶቻችን በዓይናቸው አይተውታል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥራ። የሚጎርሰው በጥቁር ባሩድ የተሞላ ጥይት ነበር። አንዴ ሲተኮስ የጭሱ ደመና ተኳሹን ይሸፍነዋል፣ ቧንቧውም በጥላሸት ይደፈናል። በ1884 ፖል ቪየይ የሚባል ፈረንሳዊ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ለበል በሚባለው ጠመንጃ ገባ። የአረሩ ውፍረት ከ11 ሚሊ ሜትር ወደ 8 ወረደ፣ ፍጥነቱ ግን እጅግ ጨመረ። አንድ ክፍል ሲቀየር ሌላው ሁሉ አብሮ ይቀየራል የምላችሁ ይሄን ነው።

ሌላም አለ። ኤም 16 ሲፈተሽ የነበረው ቅንጣቱ እንደ ዘንግ በሆነ ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሠራዊቱ ወደ ድቡልቡል ባሩድ ዞረ። አረሩ ያው፣ ፍጥነቱ ያው። ግን መሣሪያው ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ይተኩስ ጀመር፣ ቆሻሻውም በዛ። ቬትናም ውስጥ ወታደሮች እጅ ላይ ይነክስ ነበር። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ አቋቁሞ አጣራ፤ ያለ በቂ ፍተሻ የተደረገውን የባሩድ ለውጥም ተቸ። "ፍጥነቱ ያው ነው" ማለት ብቻውን መልስ አይደለም።

የድሬ ሙቀትስ ባሩድን ይነካዋል?

ይነካዋል። ባሩድ ሲሞቅ ፈጠን ብሎ ይነዳል፤ ግፊቱም ፍጥነቱም ይጨምራል። ግንቦት ላይ ቀትር ላይ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ ጥይትና ጥላ ውስጥ የዋለ ጥይት አንድ ቦታ አይመቱም። አንዳንድ ባሩድ ሙቀት እንዳይነካው ተብሎ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ጨርሶ አይድንም። የወንድሜ ልጅ በሐምሌ ያስተካከለውን ኅዳር ላይ በረዶ ውስጥ ነው የሚተኩሰው። ስለዚህ ብርድ ሲገባ ደግሞ ይፈትሸዋል።

ፕራይመር ብቀይርስ?

ከአረርና ከባሩድ ያነሰ ለውጥ ነው። ግን ዜሮ አይደለም። እሳቷ ጠንከር ያለች ፕራይመር ግፊት ትጨምራለች፤ ባሩዱ እስከ መጨረሻው ልክ የተሞላ ከሆነ ያቺ ትንሽ ቆብ የአደጋውን መስመር ልታሻግረው ትችላለች። ስለዚህ የፕራይመር ብራንድ ወይም ዓይነት የቀየረ ሰው ባሩዱን ቀንሶ እንደገና ቀስ በቀስ ይጨምራል።

ቀለህ ቀለህ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሁለት የተለያየ ፋብሪካ ቀለህ ከውጭ ብትለካቸው እኩል ናቸው። ውስጣቸው ግን ይለያያል፤ የአንዱ ግድግዳ ይወፍራል። የወንድሜ ልጅ እንዴት እንደሚያረጋግጥ አሳየኝ። ባዶውን ይመዝናል፣ በውኃ ሞልቶ ደግሞ ይመዝናል። ልዩነቱ የውስጡ ስፋት ነው። ጠባብ ቀለህ ውስጥ የገባ እኩል ባሩድ የበለጠ ይጫናል። ጠባብ ብረት ድስትና ሰፊ ብረት ድስት ላይ እኩል ውኃ እንደማፍላት ነው። ለወታደር የተሠራ ቀለህ ብዙ ጊዜ ወፈር ይላል፤ ስለዚህ ቀያይጦ መሙላት ስብስቡን ከመበተኑም በላይ አደጋ አለው።

ከዚያ የአንገቱ ነገር አለ። አረሩን ጨብጦ የሚይዘው አንገቱ ነው። አንዱ ቀለህ ጠበቅ፣ አንዱ ላላ አድርጎ ከያዘ አረሮቹ እኩል አይለቀቁም። ናስ ደግሞ በተኮሱትና በጨመቁት ቁጥር እየደነደነ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አንገቱን በእሳት ማለስለስ ነው። አንገቱን ብቻ! ቂጡ ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልም። ሐረር ብር አንጥረኛ ሲሠራ ያየ ሰው ይገባዋል። ብሩን ይቀጠቅጣል፣ ሲደነድንበት እሳት ያስነካዋል፣ ይለሰልሳል፣ ደግሞ ይቀጠቅጣል። ብረት ለምዶ የመጣ ሰው "ውኃ ውስጥ ብነክረውስ አይጠነክርም?" ይላል። ናስ አይጠነክርም። ነከርከውም አልነከርከውም ያው ነው።

ናስ አንድ ጠላት አለው፤ አሞኒያ። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ ጥይታቸው ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳይተኮስ ይሰነጠቅባቸው ነበር። ጥይቱን ከፈረስ ጋጥ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። ከፈረስ ሽንት የሚነሳው አሞኒያ ነበር ናሱን የሚበላው። ምክንያቱ በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው።

አረሩን ጠልቆ ወይም ወጣ ብሎ ማስቀመጥ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። አረሩ ከቀለሁ ሲለቀቅ ጠምዛዛው ቦይ እስኪጀምር ድረስ ትንሽ ይዘላል። ያን ዝላይ ማሳጠርና ማርዘም አንዳንዱን ጠመንጃ በግልጽ ይለውጠዋል፤ አንዳንዱ ግን ደንታም የለው። ጥሩነቱ ምንም ሳትገዛ የምትሞክረው መሆኑ ነው። መጥፎነቱ፣ አረሩ ቦዩን ነክቶ ከተቀመጠ ግፊት ይጨምራል፤ በጣም ከጠለቀም የባሩዱን ቦታ ይሻማል። አረር ስትቀይር ደግሞ የድሮው ልክ አይሠራም። የአፍንጫው ቅርፅ ተለውጧልና ጫፉን በካሊፐር ለክተህ "ያው ነው" ብትል ትሳሳታለህ። ቦዩን የሚነካው ጫፉ አይደለም፤ ትከሻው ነው።

የፍጥነቱ ልዩነት ምን ያህል ይጎዳል?

ወረንጦዋን አስታወሳችሁ? አብረን እናስላ። በሰከንድ 800 ሜትር የሚሄድ አረር 100 ሜትር ለመድረስ 0.13 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቀጥታው መስመር የሚወርደው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱ በ1 ከመቶ ቢለያይ የሚወርደው በ2 ከመቶ ገደማ ይለያያል። ይኸውም ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው! የወንድሜ ልጅ ደግሞ አጋዘን የሚመታው 80 ሜትር ላይ ነው። ያችን አንዲት ቅንጣት ማንም አጋዘን አላወቃትም።

900 ሜትር ላይ የሚተኩስ የውድድር ሰው ግን ሌላ ነው። እዚያ አረሩ በሜትሮች ነው የሚወርደው። ያው 1 ከመቶ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር አይቀጣ ቅጣት ይሆናል። ለእሱ ወረንጦ ይገባዋል። ከየት ተነስተህ ወዴት እንደምትተኩስ ሳታውቅ ምን ልለውጥ ማለት ከንቱ ነው።

ድሬ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ሐረር ላይ ይሳሳታል?

በ100 ሜትር ምንም አታይም። በሩቅ ግን ጥያቄው ጥሩ ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሐረር ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል አረሩን ያነሰ ይጎትተዋል። ብርዱ ግን ሁለት ነገር ያደርጋል። አየሩን መልሶ ትንሽ ያወፍረዋል፤ ባሩዱንም ያዘገየዋል። በደረቅ ስሌት አየሩ በመጨረሻ ከመቶ አምስት ስድስት እጅ ይቀላል። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሾፌር ሞተሩ ሲደክምበት የሚያየው ያንኑ አየር ነው።

ፕራይመር ቀይሬ ሦስት ተኮስኩ፤ ስብስቡ በግማሽ ጠበበ። አገኘሁት ማለት ነው?

የወንድሜ ልጅ ልክ እንደዚህ ብሎ ሌሊት ደውሎልኛል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ወደ 1.8 ወረደ። "ጋሼ፣ አገኘሁት!" በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሞልቶ ተኮሰ፤ 3.2 ሆነ። ዝም አለ። ለሁለት ሳምንት አልደወለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ምንም ሳትቀይር፣ ያንኑ ጥይት በዚያው ጠመንጃ ብትተኩስ ስብስቡ ራሱ ይለያያል። ሦስት ቀዳዳ በጣም ትንሽ ነው። በአማካይ ሲሰላ ያው ጥይት በአምስት ተኩስ የሚሰጠው ስብስብ ከሦስቱ በ1.27 እጥፍ ይሰፋል፣ በአሥር ተኩስ ደግሞ በ1.6 እጥፍ ገደማ። የአንዱን ሰው ሦስት ተኩስ ከሌላው አሥር ተኩስ ጋር ማወዳደርማ ጭራሽ አይሆንም።

ጋራዥ ውስጥ አዲስ ተለማማጅ ሁልጊዜ የሚሠራት ስህተት አለች። አንድ ቡሽ (የብረት ቀለበት) ይለካል፣ ትንሽ ወፍሮ ያገኘዋል፣ ማሽኑን ያዞራል። ቀጣዩ ይቀጥናል፣ መልሶ ያዞራል። ማታ ላይ ሲታይ ካልተነካው ማሽን የበለጠ የተበላሸ ቡሽ ተከምሯል። አለቃችን መጥቶ እጁን ይመታውና "አሥር ለካ፣ ከዚያ ንካ" ይለው ነበር። ለወንድሜ ልጅም ያንኑ ነው ያልኩት።

ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ነገር አንድ ላይ ብቀይርስ?

ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አታውቅም። ቢበላሽም እንዲሁ። አንዱ አሻሽሎ ሌላው አበላሽቶ "ለውጥ የለም" ሊልህም ይችላል፤ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው። ማኪና ግርግር ላይ ክር ሲበጠስበት መርፌውን፣ ክሩንና ማጥበቂያውን አንድ ላይ የሚነካ ሰፊ አላየሁም። መርፌውን ይቀይራል፣ ጨርቅ ቁራጭ ላይ ይሞክራል፣ ያያል።

ችግሩ ክፍሎቹ እርስ በርስ መነካካታቸው ነው። አረር ስትቀይር ባሩዱን እንደገና ከታች መጀመር ግድ ነው፤ አቀማመጡንም እንዲሁ። ያ "ሁለት ነገር" አይደለም፤ የአንዱ ለውጥ ሒሳብ ነው። የባሩድ አዲስ ጣሳም፣ ስሙ ያው ቢሆን እንኳ፣ ከአሮጌው ትንሽ ሊለይ ይችላል። በየጣሳው ላይ የምርት ቁጥር የሚጻፈው በከንቱ አይደለም። የወንድሜ ልጅ ደብተር ላይ አሁን የቀለሁ ፋብሪካ፣ የጣሳው ቁጥር፣ የዕለቱ ሙቀት ሁሉ ይጻፋል። ደብተሩ ላይ ጊዜውን በፈረንጅ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሲጽፍ አይቼ ግን ገርሞኛል።

ሁሉንም አስተካከልኩ፤ አሁንም ይበተናል። ምን ቀረኝ?

ጥይቱን ተወው። ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ቡሎን ያዝና አጥብቀው። የማነጣጠሪያውን ማሰሪያም እንዲሁ። ከዚያ ቧንቧው ቆሽሾ እንደሆነ እይ። ከዚያ ጠመንጃውን ለሌላ ሰው ስጠውና ያንኑ ጥይት ይተኩስ።

ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ባሩድና አረር ሲያማርጥ ከርሞ በመጨረሻ ያገኘው ግማሽ ዙር የላላ ቡሎን ነው። በቪዲዮ አሳየኝ። በጣቱ ሲነካው ይዞራል።